ከአጥራችን ማዶ ሳክሲ ነው

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ትልቅ ነገር አልሆነበትም። ያለበት ሁለት ጊዜ የተሠራ አንድ ካርታ፣ አንድ ትልቅ ድስትና ከአጥር የተነቀሉ አራት ጣውላዎች ናቸው። ግን ስለ ኮሌጅ የመጀመሪያ ወራቴ ሰው ሲጠይቀኝ ከትምህርቱ ሁሉ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ስለሆነ፣ እንደሆነው ልጻፈው።

የምንኖረው ጋርላንድ ነው። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ስንመጣ አባቴ መኪናው ውስጥ «በቃ፣ ዳላስ ገባን» አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላረመውም። እናቴ አገር ቤት ስትደውል «ዳላስ ደህና ነን» ትላለች። በእኛ ሰዎች አፍ ከዚህ አንስቶ እስከ ፎርት ዎርዝ ድረስ ያለው ሁሉ ዳላስ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮሌጅ ስጀምር መልክዓ ምድር ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ «የምትኖሩበትን ከተማ ግለጹ» የሚል ነበር። ወሰኑ በየት በኩል ነው? ውሃውና አፈሩስ? ማን ይኖርበታል? መምህሬን ማስደሰት ስለፈለግኩ ከተባለው በላይ አነበብኩ። ጋርላንድ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት ከተማ መሆኗን ያኔ ነው ያወቅኩት። በምዕራብ ሪቻርድሰን፣ በደቡብ መስኪት፣ በምሥራቅ ሮውሌት፣ በሰሜን ሳክሲ ያዋስኗታል። ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ ስፓኒሽ ይናገራል። ቬትናሞችም ብዙ ናቸው፤ እናቴ አትክልት የምትገዛበት መንገድ ላይ ካሉት የሱቅ ጽሑፎች ግማሾቹ በእነሱ ቋንቋ ናቸው። በጋርላንድና በሮውሌት መካከል የተንጣለለው ሐይቅ ደግሞ የጋርላንድም የሮውሌትም አይደለም፤ የዳላስ ከተማ ንብረት ነው።

ይህን እራት ላይ ስናገር አባቴ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሐይቁ የዳላስ ነው?»

«አዎ አባዬ። ውሃው የዳላስ ነው፤ እኛ ግን ጋርላንድ ነን።»

«ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳላስ የኖሩት ዓሦቹ ናቸው በይኛ!»

ስለ አፈሩም አነበብኩላቸው፤ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ የቤት መሠረት ያናጋል። ገጠር ያደገችው እናቴ «ይሄን ሁሉ ከምትጽፊ መረሬ ነው በይና ጨርሺ» አለችኝ። ጻፍኩት። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መካከል «መረሬ» የሚለውን ቃል ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልምጣ። ቤተሰቤ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ይደረግ የነበረው፣ እዚህ ሁሉም ሥራ ስለሚገባ ለቀኑ ወደሚቀርበው ቅዳሜ ዞሯል። ዕጣ የወጣለት ቤት ተራውን ይደግሳል፣ ሲያበቃም ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። ስንመጣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነበርን። አሁን ሃያ አራት ሆነናል፤ ሳሎን ጠቦናል፣ መኪና ማቆሚያም የለም። በነሐሴው ማኅበር አንድ አባል ከእሳት አደጋ ቧንቧ ፊት ፓርክ አድርጎ መኪናው በመኪና ጎታች ተወሰደ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ ያን ቀን ከጸሎቱ በኋላ ተነሡ። ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሁሉም ጉርሻውን ይውጣል።

«በዚህ ዓይነት የምንጠራው ሚካኤልን መሆኑ ቀርቶ መኪና ጎታቹን ሊሆን ነው» አሉ። «ለሁለት እንከፈል። ጋርላንድ ያለው አንድ፣ ከጋርላንድ ውጭ ያለው አንድ። አዲስ ማኅበር ሲሆን ዕጣውም አዲስ ይወጣል። ግን መጀመሪያ ማን የት እንዳለ ይታወቅ።»

እኔ ሰሃን እየሰበሰብኩ ነበር። «እኔ ካርታ እሠራለሁ» ብዬ እጄን አወጣሁ። ክፍል ውስጥ የማደርገው ነገር ነው፤ መልሱን ሳላውቅ እንኳ እጄ ይቀድመኛል።

ወረቀት አዙሬ አድራሻ አስሞላሁ። «ከተማ» በሚለው መስመር ላይ ሃያ አንዱ «ዳላስ» ብለው ጻፉ። አንዱ «ዳላስ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ» ብለዋል። አንዱ «ቴክሳስ»። አንዲት እትዬ ደግሞ «እናትሽ ታውቀዋለች» ብለው ጽፈዋል። እውነትም እናቴ ታውቀዋለች፤ ቤታቸው አጠገብ የሚቆመው አውቶቡስ ቁጥር ሳይቀር ነገረችኝ። ከዚያ እያንዳንዱን አድራሻ ከየከተማው የወሰን ካርታ ጋር አመሳከርኩ። ሦስት ምሽት ወሰደብኝ። አሥራ አራት ቤት ጋርላንድ፣ ዘጠኝ ሮውሌት፣ አንድ ሳክሲ።

ሳክሲ የወጣችው ያቺ አንድ ቤት የእማማ ነበረች።

እማማ ከጓሯችን አጥር ማዶ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የከተማው ወሰን በእኛና በእሳቸው አጥር ላይ ያልፋል፤ ዚፕ ኮዳችን፣ ማለት የፖስታ ቁጥራችን፣ እንኳ አንድ ነው። እናቴና እማማ በአጥሩ ላይ ነገር መቀባበል ልማዳቸው ነው። በዚህ በኩል የተገለበጠ ባልዲ አለ፣ በዚያ በኩል አሮጌ ወንበር፤ ሁለቱም እዚያ ላይ ቆመው ዝንጅብል፣ የዶሮ ብልት፣ ወሬ፣ መድኃኒት ያሳልፋሉ። እማማ መኪና አይነዱም። ልጃቸው ቅዳሜና እሑድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የሚነዳቸው የለም። የሚሄዱት በእግራቸው ወደሚደርሱበት ነው፤ እሱም በአብዛኛው የእኛ ቤት ነው፣ ቀጥሎም ማኅበሩ ወደሚሄድበት በእኛ መኪና።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። ልጃቸው ከስደት እስኪደርስ እማማ ብዙ ዓመት ጠብቀዋል። ያን ጊዜ ተስለው ነበር፤ «ልጄን በዓይኔ ካሳየኸኝ በኅዳር እዘክርሃለሁ» ብለው። ኅዳር ሚካኤል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። ልጁ በመጣ ዓመት ዕጣ ሲወጣ የኅዳር ተራ ለእሳቸው ወጣ፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው፣ ማለት አሁን የምንጠብቀው ኅዳር። ያን ቀን እማማ እልል ያሉትን እልልታ እናቴ እስከ ዛሬ ታስመስለዋለች። ከዚያ ጀምሮ የእናቴን ትልቁን ድስት ተውሰው ጋራዣቸው አስቀምጠውት ነበር፤ ዓመት ሙሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ካርታውን ስሠራ ግን አላሰብኩትም። ሳክሲ «ከጋርላንድ ውጭ» ስለሆነ ከሮውሌት ጋር ደመርኩት፤ አሥራ አራትና አሥር ወጣ፣ የተመጣጠነም መሰለኝ። ጋርላንድን አረንጓዴ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀብቼ ኮሌጅ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩት።

በመስከረሙ ማኅበር ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቤቱን ፈለገ። «እኔ እዚህ ነኝ!» «ኧረ ሐይቁ ውስጥ ልትከቺኝ ነበር እኮ!» ሙሴው እጄን ጨበጡኝ። ተጨበጨበልኝ። ደስታዬ እስከ ጆሮዬ ነበር።

እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው መጡ። «ልጄ፣ እኔስ የት ነኝ?»

«ሳክሲ ነዎት እማማ። ይኸው፣ ሰማያዊው።»

«ሳክሲ የት ነው?»

«የሚኖሩበት ነው እማማ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማም ሳቁ። «ስድስት ዓመት የኖርኩበትን አሁን ገና አስተዋወቅሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉና ጣታቸውን ከሰማያዊው ነጥብ ላይ ሳያነሡ ቆዩ። በዙሪያቸው ሌላ ሰማያዊ አልነበረም። የቀሩት ዘጠኙ ከሐይቁ ዳር ነበሩ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ድስቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ድስቱን ነው ያየሁት፣ ከዚያ ሁለት እጅ።

«ተቀበይኝ ልጄ፣ ይከብዳል።»

«እማማ! ለኅዳር ያስፈልግዎታል እኮ!»

«አዲስ ዕጣ ነው ተባለ አይደል? ለማን እንደሚወጣ እንጃ። ቢወጣልኝስ እነዚያን ሁሉ ከሐይቁ ማዶ እንዴት አድርጌ አመጣለሁ፣ እኔስ በምን እሄዳለሁ?» ከዚያ ደግሞ፣ እንዳልከፋኝ ሊያረጋግጡ ይመስለኛል፣ «ካርታሽ ግን ያምራል። ለልጄ አሳየሁት፣ በስልክ ፎቶ አንሥቼ» አሉ።

ድስቱን ታቅፌ ገባሁ። እናቴ አየችኝ፣ ድስቱንም አየችው። ማኅበር ላይ ዝም ያለችው ሙሴው የወሰኑትን በሰው ፊት መቃወም ነውር ስለሆነባት ነው።

«ኦኬ፣ ካርታሽ ትክክል ነው» አለች። «እማማን ግን ከእኛ ለየ።»

«ወሰኑ እኮ እዚያ ላይ ነው እማዬ።»

«ወሰኑን እኔ መች አየሁት? ባልዲውን ነው የማየው።»

ያን ሳምንት ክፍል ካበቃ በኋላ መምህሬ ጋ ቀርቼ ካርታዬን አሳየሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ ነበር። ወሰኖቹ በሙሉ ልክ መሆናቸውን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ይህ ካርታ ምን እንዲያደርግ ነው የተሠራው? «ሰዎች በወር አንድ ጊዜ እንዲገናኙ» አልኩ። ታዲያ ለመገናኘት ምን ያስፈልጋቸዋል ሲሉኝ፣ መኪና ያለው፣ የሌለው፣ ከማን ጋር የሚመጣ እያልኩ ዘርዝሬ ሳልጨርስ ፊቴ ጋለ። አንዱም ካርታው ላይ አልነበረም።

ቅዳሜ አባቴን ለመንኩት። አባቴ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ያመላልሳል፤ በዕረፍት ቀኑ መኪና ባያይ ይመርጣል። ድስቱን ግን ኩሽና ውስጥ ሁለት ጊዜ አደናቅፎት ነበርና እሺ አለ። እኔ ሰዓት ያዝኩ፣ እሱ ነዳ፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ደቂቃ እየጻፍኩ።

«ቁም አባዬ፣ ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ!»

«ሴኮንዱን ተይው፣ የሩጫ ውድድር አይደለም» ይላል እየሳቀ።

ከእኛ ወደ እማማ በመኪና አራት ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ስለሚዞር። በአጥሩ ግን ሃያ እርምጃ። ከእማማ ወደ ሮውሌት ቤቶች በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድን፤ ከሐይቁ ዳር ጋርላንድ ውስጥ ሦስት ቤት አለ። ከእነሱ ወደ ሮውሌት በድልድዩ ስምንት ደቂቃ፤ ወደ እኛ ግን ግማሽ ሰዓት ሊሞላ። ድልድዩ ላይ ውሃው በሁለቱም በኩል ያብረቀርቅ ነበር። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ናችሁ ዳላሶች!» ብሎ ለዓሦቹ ጮኸ። ሳቄ ጽሑፌን አበላሸው።

በአዲሱ ወረቀት ላይ ሦስቱ የሐይቅ ዳር ቤቶች ወደ ሮውሌት፣ እማማ ወደ እኛ ዞሩ። አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት። አላስተካከልኩትም፤ እንዲያው ሲደመር እንደዚያ ሆነ።

የጥቅምቱ ማኅበር ደረሰ። ሙሴው ፈቅደውልኝ ቆምኩ። «ያለፈው ካርታ ስህተት ነበረበት። የእኔ ስህተት ነው። ማለቴ፣ ወሰኑ ልክ ነው፤ ሥራው ግን ልክ አይደለም» ብዬ ደቂቃዎቹን አነበብኩ።

«በሁለት ወር ሁለት ካርታ!» አሉ ሙሴው። «ሦስተኛውን ለገና ታመጪልናለሽ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። እኒያ «እናትሽ ታውቀዋለች» ብለው የጻፉት እትዬ ግን አልሳቁም። ቤታቸው ከሦስቱ የሐይቅ ዳር ቤቶች አንዱ ነው።

«እኔ ጋርላንድ ነኝ፤ እሷው ነች የነገረችኝ። አረንጓዴ ነኝ። ሮውሌት ምን አለኝ?»

«እትዬ፣ ስምንት ደቂቃ ነው» አልኩ።

«ስምንትም ይሁን ሁለት። ከጓደኞቼ ማን ለየኝ?»

እሳቸውም እንደ እማማ ያሉት እውነት ነው። ሙሴው ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ካርታውን ትተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ዛሬ ከማን ጋር መጣሽ?» አሏቸው እትዬን።

«እኔ? ሃይዌይ አልወድም እኮ፣ ታውቃላችሁ...»

«ከማን ጋር?»

እትዬ ወደ አንድ ጥግ አዩ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የሮውሌቶቹ ባልና ሚስት አንገታቸውን ደፍተው ይስቁ ነበር። «በየወሩ እኛ ነን የምናመጣቸው» አለች ሚስትየዋ። «መንገድ ላይም ሲያሙን ነው የሚመጡት።»

«እነሱን ትቼማ በምን ልመጣ ነው?» አሉ እትዬ፤ ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ሙሴው አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ። እያንዳንዱ ሲመልስ ወረቀቴን እያየሁ ነበር። ከአንድ ቤት በቀር ሁሉም እንደ ደቂቃዎቹ ነበሩ። ሰዎቹ ከእኔ በፊት ተከፋፍለው ኖረዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።

«እሺ» አሉ ሙሴው። «በዚህ ይሁን። መከፈሉ ከታኅሣሥ ይጀምራል፣ ዕጣውም ያኔ። ኅዳር ግን ሳንከፈል ነው፣ ተራውም እንዳለ ነው።» ወደ እማማ ዞሩ። «እማማ፣ ጽዋውን ይረከቡ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እናቴ ደገፈቻቸው። ጽዋውን ሲቀበሉ እኔ ከሥር ደገፍኩላቸው። ጆሮዬ ላይ «ድስቱን መልሽልኝ» አሉኝ።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። የእማማ መንገድ መውጫ የሌለው ጠባብ ነው፤ ስድስት መኪና ካቆመ ሞላ። ሃያ አራት ቤተሰብ የት ይቁም? «በእኛ በኩል ያቁሙ» አለ አባቴ። «አጥሩን እኔ እከፍተዋለሁ።»

በኅዳሩ ማኅበር ዋዜማ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴና የእማማ ልጅ መዶሻና መፍቻ ይዘው አራት ጣውላ ነቀሉ። ልጁ ለቅዳሜ ፈረቃ ቀይሮ ነበር። ሲጨርሱ አባቴ አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጎ ቆመና «ፎቶ አንሺኝ፣ ሁለት ከተማ ቆሜያለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጠዋት መረሬው ጫማ ይዞ አልለቅ አለ፤ እናቴ ከባልዲው እስከ እማማ በር ድረስ ካርቶን አነጠፈች።

እንግዶቹ መኪናቸውን ጋርላንድ አቁመው፣ በጓሯችን አልፈው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በካርቶኑ ላይ እየዘለሉ ሳክሲ ገቡ። ሙሴው ቀዳዳው ጋ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸው ሚስማር ያዘው። «ወሰን ጠባቂ አቁማችኋል?» አሉ። እትዬ ከሮውሌቶቹ ጋር መጡ፣ እያሙ። ዶሮው በእናቴ ድስት ነበር፣ እስከ አፉ። እማማ ከበሩ ራቅ ብለው ነጭ ለብሰው ቆመው እያንዳንዱን «ሳክሲ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይሉ ነበር፤ ቃሉን እንደ አዲስ ልብስ ወደውታል። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ሲዞር ልጃቸው ከጎናቸው ቆመ። አላለቀሱም። እጁን ይዘው፣ ቀና ብለው፣ «ተቀበለኝ» ብቻ አሉ።

ማታ አባቴ ጣውላዎቹን ለመመለስ ሲወጣ እናቴ ሦስቱን ብቻ እንዲመታ ነገረችው። አራተኛው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በቀረው ክፍተት ድስት በደንብ ያልፋል። የእማማ ስለት የተፈጸመበት፣ ሃያ አራታችንም ሳንከፈል ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የበላንበት ቀን ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።